ዘጠኝ መስመር

ጀምሮ የማይጨርስ ሰው አልወድም። ወሬ ጀምሮ «ተይው በቃ» የሚለኝ ሰው ካለ፣ እስኪናገር ድረስ በሩ ላይ ቆሜ መንገድ እዘጋበታለሁ። መጨረሻው የተድበሰበሰ ፊልም ካየሁ ትኬት ቆራጩን ሄጄ ልጠይቀው ይቃጣኛል። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ቀጥሎ የማወራው ነገር ከጠባዬ ጋር ስለማይሄድ ነው። አንባቢ ሁሉ «እንዴት ያለ አጨራረስ ነው» እያለ የሚያደንቀው፣ ምንም ሳይቋጭ የሚያልቅ አንድ የሚያስፈራ አጭር ልቦለድ አለ። ያን መጨረሻ ያበጀሁት እኔ ነኝ። ስምንት ዓመቴ ነበር። ያደረግሁትም ለሥነ ጽሑፍ ተጨንቄ ሳይሆን የሞተ ሰው ላድን ብዬ ነው።

እናቴ ነርስ ናት። ያን ጊዜ ፈረቃዋ ከሰዓት በኋላ ስለነበር ከትምህርት ቤት ስወጣ አክስቴ መሥሪያ ቤት እሄድ ነበር። አክስቴ የእናቴ ታናሽ ናት፤ በአንዲት ትንሽ ማተሚያ ቤት ውስጥ አራሚ ነበረች። የአራሚዎቹን ክፍል ከማሽኑ አዳራሽ የሚለየው ቀጭን የጣውላ ግድግዳ ነው። ማሽኑ ሲነሳ ጠረጴዛው ላይ ያለው የሻይ ብርጭቆ ማንም ሳይነካው ወደ ዳር ይሄዳል፤ አክስቴም ዓይኗን ከወረቀቱ ሳታነሳ እጇን ሰድዳ ወደ መሃል ትመልሰዋለች። የኔ ቦታ ጠረጴዛው ሥር፣ የተበላሸ ወረቀት የሚጣልበት ካርቶን አጠገብ ነበር። እዚያ ሆኜ የቤት ሥራዬን እሠራለሁ፣ በተበላሸው ወረቀት ጀርባ ላይ በግራ እጄ ሥዕል እሥላለሁ፣ እሰማለሁ።

የሚሰማ ነገር ሞልቷል። እርማት የሚሠራው በሁለት ሰው ነው። አንዱ ደንበኛው ያመጣውን ዋናውን ጽሑፍ ይዞ ጮክ ብሎ ያነባል፤ ሌላው ታይፒስቷ የጻፈችውን ይዞ በዓይኑ ይከተላል፣ ልዩነት ሲያገኝ በቀይ እስክሪብቶ ምልክት ያደርጋል። ቀዩ እስክሪብቶ የአክስቴ ነበር። የሚያነበው ደግሞ ጡረታ ሊወጣ የተቃረበ ሽማግሌ ነው። ሠራተኛው በሙሉ ጋሽ ሬዲዮ ይለዋል፤ አንዴ ከተከፈተ አይዘጋም፣ ድምፁም ከፍ ዝቅ አይልም። አራት ነጥቡንና ነጠላ ሰረዙን ሳይቀር እንደ ቃል እየጠራ ያነባል፤ ሥራው እንደዚያ ይጠይቃል። ጨረታ፣ የመድኃኒት መመሪያ፣ የሠርግ ጥሪ፣ ዜና ዕረፍት፣ የሰባተኛ ክፍል የሳይንስ ፈተና፣ ሁሉም በዚያው በአንድ ድምፅ ይወርዳል። «ጽሑፉ የገባኝ ዕለት ስህተቱ ያመልጠኛል» ይል ነበር። በሠላሳ ዓመት ሥራው ያነበበው አንድም ነገር ገብቶት እንደማያውቅ በኩራት ይናገራል።

እኔ ደግሞ እዚያ ጠረጴዛ ሥር አንድ እምነት ያዝኩ። ጋሽ ሬዲዮ ያነበበው ሁሉ እውነት ነው። የስልክ ማውጫውን አነበበ፣ ሰዎቹ አሉ፤ ሁለቱ ጋ ደውዬ አረጋግጫለሁ። ፈተናውን አነበበ፣ የጎረቤታችን ልጅ ተፈተነችው፣ ወደቀች። የአንድ አዛውንት ዜና ዕረፍት አነበበ፣ እናቴ የምትሠራበት ሆስፒታል ውስጥ የሞቱት አዛውንት እሳቸው ነበሩ። ልብ ወለድ የሚባል ነገር መኖሩን ማንም አልነገረኝም። ሰው ያልሆነውን ነገር ቁጭ ብሎ ጽፎ፣ አሳርሞ፣ አስጠርዞ ያወጣል ብሎ ማን ያስባል? ረጋ ብዬ ሳስበው አሁንም ይገርመኛል።

አንድ ዝናባማ ከሰዓት በኋላ፣ በእጅ የተጻፉ አራት ደብተሮች መጡ። ጋሽ ሬዲዮ ጉሮሮውን ጠርጎ የመጨረሻውን ታሪክ ጀመረ።

«ክፍሉ ውስጥ አንድ ወንበር ነበር አራት ነጥብ ጠዋት ወደ ጠረጴዛው አዙሬው ወጣሁ አራት ነጥብ ስመለስ ወደ መስኮቱ ዞሮ ጠበቀኝ አራት ነጥብ»

ሰውዬው ክፍል የተከራየ ብቸኛ ሰው ነው። ወንበሩ መዞሩን ለማንም አይናገርም፤ መልሶ ያዞረዋል። በማግስቱም እንደዚያው። ቁልፉ ያለው እሱ ጋ ብቻ ነው። ሳምንታት ያልፋሉ። ሰውዬው መቆጣት ይተውና ያፍር ጀመር፤ የሆነ እንግዳ እያለበት መቀመጫ የነፈገ መሰለው። ስለዚህ ለእንግዳው ብሎ ሁለተኛ ወንበር ገዝቶ ከመጀመሪያው ጎን፣ ወደ መስኮቱ አስቀመጠና ወጣ።

«ስመለስ በሩን ከፈትኩ አራት ነጥብ ሁለቱም ወደ በሩ ዞረው ነበር አራት ነጥብ»

አክስቴ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ጋሼ፣ እስቲ አንዴ ይቁሙልኝ።»

«ስህተት አለ?»

«የለም።»

«ታዲያ?»

«ምንም። መስኮቱን ልዝጋው ብዬ ነው።»

ዘግታ ተመለሰች። ከጠረጴዛው ሥር የእግሯ ጣቶች ጫማዋ ውስጥ ሲታጠፉ አየሁ። ጋሽ ሬዲዮ ቀጠለ። የቀረው ዘጠኝ መስመር ነበር። «ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ትዝ አለኝ አራት ነጥብ እኔ በዚያ ክፍል ውስጥ ከሦስት ዓመት በፊት በሳንባ በሽታ ሞቻለሁ አራት ነጥብ» ብሎ፣ ወንበሩን የሚያዞሩት የሟቹ እናት እንደነበሩ፣ እንዴት እንደሚገቡ፣ ለምን እንደሚመጡ አንድ በአንድ ዘረዘረው።

አክስቴ ረጅም ትንፋሽ አወጣች። «ምነው ይሄ ባይኖር» አለች። እንዲህ ስታዝን ሰምቻት አላውቅም። ተነሥታም መስኮቱን መልሳ ከፈተችው። አየር ያጠራት መሰለኝ።

በማግስቱ የሞተው ሰውዬ በእግሩ መጣ።

ጋሽ ሬዲዮ «ደራሲው እሱ ነው» ብሎ አስተዋወቀን፤ ለኔ ደራሲ ማለት ነገሩ የደረሰበት ሰው ነበር። የውሃ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነው አሉ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ፊቱ የነጣ። ሲገባ ኮቴው አይሰማም። ሠራተኞቹ ወዲያው ዝምተኛው ብለው ስም አወጡለት። ጨበጠኝ፤ እጁ እንደ ቧንቧ ይቀዘቅዛል። አክስቴ ሻይ አስመጣችለት፤ እኔ ከጠረጴዛው ሥር ወጥቼ ብርጭቆው ላይ ሻዩ የደረሰበትን በጣቴ ለካሁ። ሲሄድ ሻዩ ከነበረበት ንቅንቅ አላለም። ከሁሉም የባሰው ግን፣ ሲቀመጥ ወንበሩን አንሥቶ ወደ መስኮቱ ማዞሩ ነው።

ዛሬ ሁሉንም አውቀዋለሁ። የሚሠራበት መዝገብ ቤት ምድር ቤት ስለሆነ እጁ አይሞቅም፣ ጫማው መሥሪያ ቤቱ ለቧንቧ ሠራተኞች የሚሰጠው ጎማ ነው፣ የማተሚያ ቤቱ ሻይ ደግሞ ነዳጅ ነዳጅ ይላል፤ ጨዋ ስለሆነ ነው ያልተናገረው። ወደ መስኮቱ የዞረውም አክስቴን ፊት ለፊት ማየት ስላፈረ ነው። በዚያን ጊዜ ግን የነበረኝ ማስረጃ ለማንም ይበቃ ነበር።

ዝምተኛው በየሁለት ቀኑ መምጣት ጀመረ። አንዲት ቃል ለማስቀየር ይመጣል፤ በሌላው ቀን ያችኑ ቃል ለማስመለስ። አክስቴም እሱ የሚመጣበትን ቀን ታውቀዋለች፤ ጠዋት መስታወት ፊት ትቆያለች። ወረቀት አንድ ጫፉን እሱ፣ ሌላውን እሷ ይዘው ሳይለቁት ይቆያሉ። ጋሽ ሬዲዮ «ልቀጥል?» ሲል ነው የሚነቁት።

አንድ እሑድ እናቴና አክስቴ ወጥ ቤት ሆነው ሲያወሩ ከበሩ ጀርባ ሰማሁ።

«ቤቱን መጥተሽ እዪልኝ ብሎኛል» አለች አክስቴ። «ሁለተኛ ወንበር ገዝቻለሁ አለኝ።»

እናቴ ማማሰሏን አቆመች። ከዚያ ማንኪያ ሲወድቅ ተሰማ። «ወንበር? ሌላው ሰው ቀለበት ይዞ ይመጣል፤ ያንቺው ወንበር?»

«ዝም በይ እስቲ።»

«እህቴ፣ የሞተ ሰው ነው እኮ የሚመስለው!»

«አውቃለሁ» አለች አክስቴ። «እኔ ግን እንደዚያው እያለ እወደዋለሁ።»

በቀዳዳው ሳይ እናቴ ፊቷን በሽርጧ ሸፍና ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ታለቅሳለች አልኩ። ሆዷን ይዛ እየሳቀች መሆኑን የነገረችኝ እኔ ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ነው።

ነገሩ ግልጽ ነበር። ሰውዬው ሞቷል፤ አክስቴም መሞቱን ታውቃለች፤ ሊወስዳትም ወንበር ገዝቷል። በዚያ ክፍል የኖረ ሰው ምን እንደሚሆን ደግሞ ሁላችንም ሰምተናል። ላስፈራራው አስቤ ነበር፤ ግን አክስቴ እወደዋለሁ ብላለች። «ምነው ይሄ ባይኖር» ማለቷም ትዝ አለኝ። ስለዚህ መባረር ሳይሆን መዳን ነበረበት። የሚድንበትን መንገድ ደግሞ አውቀው ነበር፤ ያስተማረችኝ ራሷ አክስቴ ናት።

የእርማት ምልክቶቹን ሁሉ ለምጄ ነበር። የምወዳት፣ ቃሉ ላይ ሰረዝ ተሰምሮ ጫፏ ላይ ጭራ ያላት ክብ የምትደረገዋ ናት። ይህቺ ምንድን ናት ብዬ ስጠይቅ «ይውጣ ማለት ናት» ብላኛለች።

«ከወጣ በኋላ የት ይሄዳል?»

«የትም አይሄድም። አልነበረም ማለት ነው።»

ይህንንም በዓይኔ አይቻለሁ። አንድ የሠርግ ጥሪ ላይ የሙሽራው ስም ተሰርዞ የሌላ ሰው ስም ገባ፤ ሠርጉም ከሌላው ሰውዬ ጋር ተደረገ። ሙሽራዋ ሐሳቧን ቀይራ እንደሆነ አልገባኝም። እኔ የገባኝ የቀዩ እስክሪብቶ አቅም ነው።

በማግስቱ አክስቴ እጇን ልትታጠብ ስትወጣ፣ ጋሽ ሬዲዮ ደግሞ ወንበሩ ላይ ሲያንጎላጅ፣ የመጨረሻውን ገጽ ወደ ጠረጴዛው ሥር አወረድኩት። ዘጠኙን መስመር ከ«ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ትዝ አለኝ» ጀምሮ እስከ መጨረሻው በግራ እጄ አንድ በአንድ ሰረዝኳቸው። ጫፉ ላይ ክቧን ከነጭራዋ አደረግሁ። ቆንጆ ሆና ወጣች። ገጹን ወደ ቦታው መለስኩ፣ ጣቴን በምራቄ አጸዳሁ።

ወረቀቱ ወደ ታይፒስቷ ሄደ። ታይፒስቷ ማስቲካዋን እያላመጠች ምልክት ያለበትን ሁሉ የምትፈጽም ሰው ናት፤ «እኔ እጽፋለሁ እንጂ አላነብም» ትላለች። ዘጠኙን መስመር በአንድ ቁልፍ አጠፋቻቸው። በሁለተኛው ዙር እርማት ሙሉውን አያነቡም፤ ምልክቶቹ መፈጸማቸውን ብቻ ነው የሚያዩት። ጋሽ ሬዲዮ «ዘጠኝ መስመር ይውጣ፣ ወጥቷል» አለ። አክስቴ ገጹን ትንሽ ያዝ አደረገችው፣ ወደ መስኮቱ አየች፣ ፈረመች። ልቧ ሌላ ቦታ ስለነበር ነው ብዬ ለብዙ ዓመት አስቤአለሁ። ያቺ ሴት የጎደለች ነጥብ ከክፍሉ ማዶ የምታይ ሴት ናት። ዘጠኝ መስመር ቀይ ሳታይ አለፈች ብሎ ማመን አሁን አሁን ይቸግረኛል።

መድኃኒቱ ሠራ። ዝምተኛው በሚቀጥለው ጊዜ ሲመጣ አፍንጫው ቀልቶ ነበር፤ ገና ከበሩ ላይ አነጠሰ። ሦስት ጊዜ። የሞተ ሰው አያነጥስም። አክስቴ ሎሚ አስጨምቃ ሻይ ሰጠችው፤ ጉንፋኑ ሽታውን ስላጠፋለት ነው መሰል ግጥም አድርጎ ጠጣው። እኔ ጠረጴዛው ሥር ሆኜ፣ ሰው አድኖ እንደማይናገር ሐኪም ዝም ብዬ ኮራሁ።

መጽሐፉ ታትሞ የመጣ ዕለት ሁላችንም ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ተጠራን። እኔን የጠራኝ አልነበረም፤ የአክስቴን ቀሚስ ይዤ ገባሁ። ሥራ አስኪያጁ ከጀርባው አንድ አሮጌ የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ሰቅሏል። አንዱ ሳምንት ውስጥ ሁለት ማክሰኞ አለ፤ ያለፈው ዓመት የአክስቴ ስህተት ነው። «ሁለተኛ እንዲህ ያለ ነገር ካየሁ ጠረጴዛሽን ታስረክቢያለሽ» ብሏት፣ እንዳትረሳው ሰቅሎት ቀረ።

ዝምተኛው መጽሐፉን የመጨረሻው ገጽ ላይ ከፍቶ ይዞ ቆሟል። ሥራ አስኪያጁ የእርማት ወረቀቱን ከፋይል አስወጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ቀዩ ከሩቅ ይታያል። «ዘጠኝ መስመር» አለ። «የታሪኩ ፍቺ ያለበት ዘጠኝ መስመር። ይህ የማነው?»

አክስቴ ጎንበስ ብላ ምልክቱን አየችው። ከሚያስፈልገው በላይ ቆየች። ከዚያ ቁልቁል እኔን አየችኝ፣ ወዲያው ቀና አለች።

«የኔ ነው።»

«በስህተት ነው አይደል?» አለ ሥራ አስኪያጁ። እንዲህ ሲል ዓይኑ ወደ ሁለቱ ማክሰኞ ሄደ።

«አይደለም። አውቄ ነው የሰረዝኩት።»

ጋሽ ሬዲዮ ሳለ። ዝምተኛው መጽሐፉን ዝቅ አደረገ።

«ስለማያስፈልግ ነው» አለች አክስቴ። የምትናገረው ለሥራ አስኪያጁ አልነበረም። «ወንበሮቹ ወደ በሩ ሲዞሩ ፈርቼ ተነሥቼ መስኮት ዘግቻለሁ፤ ጋሼ ይመስክሩ። ሳንባ የሚለው ጋ ስደርስ ግን መልሼ ከፈትኩት። ማን እንዳዞራቸው ከተነገረኝማ ምን እፈራለሁ? የሟች እናት ናቸው፤ ሻይ አፈላላቸዋለሁ።»

ዝምተኛው መጽሐፉን ዘጋ። «አሥራ አንድ ዓመት ነው የጻፍኩት» አለ፤ ሌላ ምንም ሳይጨምር፣ ኮቴው ሳይሰማ ወጣ።

ፍርዱ አጭር ነበር። ደንበኛው አቤቱታውን በጽሑፍ ያስገባል፤ ደብዳቤው የደረሰ ቀን አክስቴ ትሰናበታለች። እስከዚያው ትሥራ። ወደ ቤት ስንሄድ እጄን ይዛ «ከዛሬ ጀምሮ ቀይ እስክሪብቶ አትነኪም» አለችኝ። በዚህ ነገር ላይ እኔና እሷ የተናገርነው ይኸው ብቻ ነው። እኔ ሰውዬውን ከሞት አስነሥቼ እሷን ከሥራ ማስወጣቴ ያን ቀን አልጋዬ ላይ ሆኜ ገባኝ። ምስጋና ቢስ ሰውዬ አልኩ በልቤ። መኖሩን እንኳ አላወቀልኝም።

ደብዳቤው ግን ሳይመጣ አንድ ሳምንት አለፈ፤ ሁለት ሆነ። በዚህ መሃል ማተሚያ ቤቱ ታመመ።

የጀመረው ከዘበኛው ነው። ዘበኛው የድሮ ወታደር ነው፤ ከተበላሹት ቅጂዎች አንዱን ወስዶ በር ላይ ቁጭ ብሎ አነበበ። ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ ወለል ብላ ሳለች አክስቴ ጋ መጣና ቆቡን አውልቆ «ማን ነው የገባው?» አላት። አላውቅም አለችው። «ጦር ሜዳ ላይ የሚመጣብኝን አውቅ ነበር» አለ። «አውቄ እተኩስ ነበር። ይሄ ግን ምን ላይ ይተኮሳል?» ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ተመልሶ መጣ። ይተወዋል ብዬ ስጠብቅ፣ ጋሽ ሬዲዮ ያችን የመጨረሻዋን ገጽ ጮክ ብሎ እንዲያነብለት ለመነ። አንብቦለት ሲያበቃ በደስታ ሰውነቱን ነዘረው። «እስቲ አንዴ ድገሙልኝ።» ሰው የሚያስፈራውን ነገር ለምን ይደገምልኝ እንደሚል አልገባኝም ነበር። አሁን ይገባኛል፤ ዘበኛው ሠላሳ ዓመት ስም ያለውን ነገር ሁሉ ሲፈራ ኖሮ፣ ቤቱ የማይከተለው ፍርሃት ማግኘቱ ነው። ይከተለው ይሆን አይከተለው እርግጠኛ ባለመሆኑ ደግሞ ጣፈጠው።

ቀጥላ አላነብም ባይዋ ታይፒስት አነበበች። በማግስቱ ማስቲካዋን ሳትይዝ መጣች፤ ጠረጴዛዋንም ጀርባዋ ለበሩ እንዳይሰጥ አዞረችው። ማሽነኛው ምሳ በልቶ ሲመለስ ወንበሩ ዞሮ አገኘና ሥራ አልገባም አለ፤ ያዞረችው የጽዳት ሠራተኛዋ ነበረች፣ እኔ አይቻለሁ፣ ግን ማንም አልጠየቀኝም። ሥራ አስኪያጁ ሁሉንም ሞኞች ብሎ ሰደበ። የሱ ወንበር ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ፣ ወደየትም የማይዞር ሆኖ ነው የተገኘው።

በሦስተኛው ሳምንት ዝምተኛው ራሱ ደብዳቤውን ይዞ መጣ። እንደገና ተሰበሰብን። አክስቴ ጠረጴዛዋን አጽድታ፣ እስክሪብቶዎቿን በላስቲክ አስራ ነው የመጣችው። ሥራ አስኪያጁ ፖስታውን ቀድዶ አየውና ለጋሽ ሬዲዮ አቀበለው፤ በእጅ የተጻፈ ነገር በዚያ ቤት የሚነበበው በጋሽ ሬዲዮ ብቻ ነው። እሱም መነጽሩን አድርጎ በዚያው ድምፁ ጀመረ።

«ለማተሚያ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ አዲስ መስመር ጉዳዩ ስለ ዘጠኝ መስመር አዲስ መስመር ከመጽሐፌ የወጣው ዘጠኝ መስመር በሁለተኛው ኅትመት ላይም እንዳይመለስ አመለክታለሁ አራት ነጥብ በመሥሪያ ቤታችን መጽሐፉን ካነበቡት ውስጥ ሰባት ሰዎች ምድር ቤት ብቻቸውን አይወርዱም አራት ነጥብ አለቃዬ ጠርቶኝ ማን ነው ያዞረው ብሎ ጠየቀኝ አራት ነጥብ አላውቅም አልኩት አራት ነጥብ ስለ ጻፍኩት ነገር ሰው ሲጠይቀኝ በአሥራ አንድ ዓመት የመጀመሪያው ነው አራት ነጥብ አዲስ አንቀጽ አራሚዋ ከሥራዋ እንዳትነሣ ነጠላ ሰረዝ ወደፊት የምጽፈውንም እሷ እንድትሰርዝልኝ እጠይቃለሁ አራት ነጥብ ሁለተኛው ወንበር አሁንም ባዶ ነው አራት ነጥብ ወዴት እንደሚዞር የምትወስነው እሷ ናት አራት ነጥብ ከሰላምታ ጋር»

ጋሽ ሬዲዮ ወረቀቱን አላስቀመጠም። አንዴ ወደ ዝምተኛው፣ አንዴ ወደ አክስቴ አየ። «ይቅርታ» አለ። «የገባኝ መሰለኝ። ስህተት አምልጦኝ ይሆናል፤ ልድገመው?»

«አያስፈልግም ጋሼ» አለች አክስቴ። ጆሮዋ ሳይቀር ቀልቷል። እስክሪብቶዎቿን ያሰረችበትን ላስቲክ ፈታች። ከዚያ ለዝምተኛው፣ ፊቱን ሳታይ፣ «ወደ መስኮቱ» አለችው።

እኔ ብቻ ነኝ በዚያ ክፍል ውስጥ የፈራሁት። ግን ሰውዬው ሲያነጥስ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ፤ ስለዚህ ፈቀድኩ።

እንግዲህ ዝምተኛው አጎቴ ሆነ። አምስት መጽሐፍ ጽፏል፤ የሁሉንም የመጨረሻ አንቀጽ አክስቴ ሰርዛለች። እሱ ሁልጊዜ ፍቺውን ይጽፋል፣ እሷ ሁልጊዜ ታወጣዋለች፤ ትዳራቸው ይኸው ነው። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ አንድ መምህር ስለ ወንበሮቹ ታሪክ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ አስተማረን። ደራሲው ዝምታን እንደ መሣሪያ መርጦ፣ የአንባቢውን ፍርሃት ለአንባቢው መልሶ እንደሰጠ ሰሌዳ ሙሉ ጻፈ። እጄን አውጥቼ፣ ምናልባት የሆነች ልጅ ሰርዛው ቢሆንስ አልኩ። «ደራሲን እንዲህ ማቅለል አይገባም» አለኝ። ለትምህርቱም «ሲ» ሰጠኝ።

ባለፈው ወር ቤታቸው ሄድኩ። አክስቴ ሥራ ላይ ነበረች፤ አሁንም እዚያው ማተሚያ ቤት ናት፣ ቀን መቁጠሪያውም እንደተሰቀለ ነው ይባላል። አጎቴ ጡረታ ወጥቷል። ሁለቱ ወንበሮች ጎን ለጎን ወደ መስኮቱ ዞረዋል፤ ማንም ወደ በሩ እንዲያዞራቸው አይፈቅድም፣ ራሱ ይፈራል። አንደኛው ላይ ተቀመጥኩ። ሃያ ዓመት የቆየ ነገር ሳይቋጭ ማየት ስለሰለቸኝ መግቢያም አላበጀሁለትም።

«አጎቴ፣ ያን ዘጠኝ መስመር የሰረዝኩት እኔ ነኝ።»

ሻዩን አማሰለ። «የክቧ ጭራ ወደ ግራ ነበር የዞረችው» አለ። «ሃያ ስድስት ዓመት መዝገብ ቤት ውስጥ የሰው የእጅ ጽሑፍ ሳይ ነው የኖርኩት። አክስትሽ በቀኝ እጇ ነው የምትጽፈው።»

«ያን ቀን ነው ያወቅከው? እዚያው ቢሮው ውስጥ?»

ራሱን ነቀነቀ፤ አዎ።

«እሷ የኔ ነው ስትል፣ እየዋሸች መሆኑን እያወቅክ?»

አዎ።

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ? ለምንስ ተመልሰህ መጣህ?»

አፉን ከፈተ። ትንፋሽ ወሰደ። የሚናገር መስሎኝ ወደ እሱ ተጠጋሁ። ብርጭቆውን አነሣና እስከ አተላው ጠጣው።

«ተይው በቃ» አለ።

ተነሥቼ በሩ ላይ ቆምኩ፤ መንገድ ዘጋሁበት። እሱ ግን ወደየትም ሊሄድ አልፈለገም። እኔ ስነሣ የተንሻፈፈውን ወንበር ወደ መስኮቱ አስተካክሎ፣ የራሱ ወንበር ላይ ተመልሶ ተቀመጠ።